የተበጠሰ የኤክስካቫተር ሰንሰለት ሥራ ቦታ ላይ እንዴት ይገጠማል?

ክረምት ሲገባ ስልኬ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ "ሰንሰለቱ ተበጠሰ፣ ማሽኑ ጭቃ ላይ ቆሟል፣ ምን ይሻላል?" አንዳንዱ ከፎገራ ሜዳ ይደውላል፣ አንዳንዱ ከመራዊ መስመር፣ ሌላው ባሕር ዳር አጠገብ ካለው ከዘንዘልማ ወዲያ መሠረት ከሚቆፈርበት። ይህ ሥራ በስልክ እየተቆራረጠ የሚነገር አይደለም። አንድ ቅደም ተከተል ከተዘለለ እግር ወይም ዓይን ያስከፍላል። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ በተራ ጽፌላችኋለሁ።

መመሪያው 20 ቶን አካባቢ ለሚመዝን ኤክስካቫተር ነው። ዶዘር ላይ የሚለየውን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ፦ የተበጠሰው ምንድን ነው?

ሰንሰለቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተያያዙ ሊንኮች ስብስብ ነው። ሁለቱን ሊንኮች ፒን ያያይዛቸዋል። ፒኑ በቡሽ፣ ማለትም በአጭር የብረት ቱቦ፣ ውስጥ ያልፋል። የኋላው ጥርስ ማለትም ስፕሮኬቱ የሚገፋው ይህንኑ ቡሽ ነው። መሬት የሚረግጠው የብረት ጫማ ደግሞ በአራት ቡሎን ሊንኩ ላይ ይታሰራል።

"ሰንሰለቱ ተበጠሰ" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ፒኑ ተሰብሯል ወይም ተንሸራቶ ወጥቷል፤ ሊንኩ የፒኑ ቀዳዳ ጋ ተሰንጥቋል፤ ወይም ቡሹ ተሰንጥቆ ተከፍሏል። አንድ ፒን ወይም አንድ ሁለት ሊንክ ብቻ ከሆነ እዚያው ሜዳ ላይ ይሠራል።

እነዚህን ካያችሁ ግን እዚያው ለመጨረስ አትሞክሩ፦

- የስፕሮኬቱ ጥርሶች ሹል ሆነዋል፣ ብዙ ቡሾችም ተሰንጥቀዋል። ዛሬ ብትገጥሙት ነገ ሌላ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ሰንሰለቱ ዕድሜውን ጨርሷል።
- ከፊት ጎማው ማለትም ከአይድለሩ ኋላ ያለው ትልቁ ስፕሪንግ ተሰብሯል ወይም ከቦታው ወጥቷል። ይህ ስፕሪንግ የታመቀ ኃይል አለው፤ በድንገት ሲለቀቅ ሰው ይገድላል። የሚፈታው በልዩ ማሰሪያ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ብቻ ነው።
- ሰንሰለቱ በፒኑ ውስጥ ዘይት የያዘ ዓይነት ነው፣ የተሰበረውም ተራ ፒን ነው (ከማስተር ፒን የሚለይበትን ደረጃ 6 ላይ ታገኛላችሁ)። በመዶሻ ከነካካችሁት ማኅተሙ ይበላሽና የቀረውም ዘይቱን ያፈሳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለማሽኑ ሞዴል የተሠራ ፒን፣ ቡሽ፣ የአቧራ ማኅተም እና ማቆሚያ ቀለበት። ሊንኩ ከተሰነጠቀ ጥንድ ሊንክ
- አዲስ የጫማ ቡሎንና ዳዶ
- የግራሶ ፓምፕ ከነግራሶው
- ከባድ መዶሻ፣ ከፒኑ ትንሽ የቀጠነ ፒን መግፊያ ብረት፣ ባለ ረጅም እጀታ መያዣ
- ተንቀሳቃሽ የሃይድሮሊክ ፒን ፕሬስ፣ ከተገኘ
- ቼይን ብሎክ (በሰንሰለት የሚስብ ማንሻ)፣ ጤነኛ የሽቦ ገመድ፣ ሁለት ረጅም ድጅኖ
- ቡሶላ ከረጅም እጀታ ጋር፣ እና ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)
- ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም ጣውላ፣ የብረት ሳህን፣ ታኮ
- ሜትር፣ ቀጥ ያለ ረጅም ብረት፣ ጠመኔ፣ የሽቦ ብሩሽ
- መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ ጫፉ ብረት ያለው ጫማ፣ የራስ ቁር
- ግራሶ የሚጠራቀምበት ላስቲክና ባልዲ

ፕሬሱን "ከተገኘ" ያልኩት ለማስተር ፒን ብዙ ጊዜ መዶሻ ስለሚበቃ ነው። ተራ ፒን ሲሆን ግን ያለ ፕሬስ ሥራው አይሄድም። ልዩነቱን ደረጃ 6 ላይ አስረዳለሁ።

ሳትጀምሩ አንብቡ

*ግራሶው።* ሰንሰለቱን ወጥሮ የያዘው በጣም ከፍተኛ ግፊት ያለው ግራሶ ነው። ግራሶው የሚለቀቅበትን ቫልቭ ስትፈቱ ፊታችሁን ወይም እጃችሁን ፊት ለፊቱ አታድርጉ። በዚያ ግፊት የወጣ ግራሶ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል። ብዙ ሰው ጠርጎ ሥራውን የሚቀጥለው ለዚህ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ግን ሥጋውን ይገድለዋል። ከደረሰባችሁ ሳታመነቱ ሆስፒታል ሂዱ። ባሕር ዳር አጠገብ ከሆናችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን መሄድ ትችላላችሁ። ስትደርሱ "ግራሶ በግፊት እጄ ውስጥ ገብቷል" በሉ። "ትንሽ ተወጋሁ" ካላችሁ ተራ ጠብቁ ትባላላችሁ።

*ክብደቱ።* የአንድ በኩል ሰንሰለት ከነጫማው ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ከላይ የተንጠለጠለ ጫፍ ሳይታሰር በሥሩ አይታለፍም።

*የብረት ፍንጣሪ።* ፒን የተጠናከረ ብረት ነው። በመዶሻ ሲመታ ፍንጣሪ ይተኩሳል። መነጽር የሚያደርገው መቺው ብቻ አይደለም፣ መግፊያውን የያዘውም ያድርግ። መግፊያው በእጅ ሳይሆን በባለ እጀታው መያዣ ይያዝ።

*የተነሳ ማሽን።* በባኬቱ (በመቆፈሪያው አካፋ) ተገፍቶ የተነሳ ማሽን የቆመው በሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ ነው። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ ይወርዳል። ግንድ ሳይደገፍ ማንም ሰው እግሩን እንኳ ከሥሩ አያስገባ።

ደረጃ 1፦ ማሽኑን ባለበት አቁሙ

ሰንሰለት ሲበጠስ ብዙ ጊዜ ትልቅ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ማሽኑ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ኦፕሬተሩ በዚያው ቅጽበት ይቁም። "ትንሽ ደረቅ ቦታ ላይ ልውጣ" የሚለው ሐሳብ ነው ሥራውን እጥፍ የሚያደርገው። ሰንሰለቱ ገና በሮለሮቹ፣ ማለትም ማሽኑ ሰንሰለቱ ላይ በሚንከባለልባቸው ትናንሽ የብረት ጎማዎች፣ ሥር ከሆነ ማሽኑ የሚቆምበት መሬት አለው ማለት ነው። ከሄደ ግን ሮለሮቹ ባዶአቸውን ጭቃ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ሰንሰለቱም ከሥር ይጠመዘዛል።

ማሽኑን ባለበት ላለማቆም ምክንያት የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ርብ ወይም ጉማራ ወንዝ ዳር እየሠራችሁ ውኃው እየሞላ ከመጣ ወይም ዳርቻው እየተናደ ከሆነ ማሽኑ መውጣት አለበት። ያኔም በራሱ አይነዳም። የሽቦ ገመድ በታችኛው ፍሬም ታስሮ በሌላ ማሽን ቀጥ ባለ መስመር ይጎተታል። ገመዱ ሲወጠር በሁለቱም በኩል ሰው ይራቅ፤ ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ይመለሳል።

ደረጃ 2፦ መሬቱን አዘጋጁ

ይህን ደረጃ ሰው ይንቀዋል። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። በበጋ ድንጋይ መስሎ የምታዩት መሬት በሐምሌ የድጋፍ ግንድ ይውጣል። ስለዚህ ግንድ በሚቆምበትና ባኬት በሚያርፍበት ቦታ የላዩን ጭቃ ጥረጉና ገረጋንቲ አልብሱ። በላዩ ላይ የብረት ሳህን ወይም ወፍራም ጣውላ አድርጉ። ክብደቱ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ካረፈ አይሰምጥም።

ጤነኛውን ሰንሰለት ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። ባኬቱን መሬት አስቀምጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ግፊቱ እንዲለቅ ሌቨሮቹን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱ። ቁልፉን ነቅሎ የሚይዘው ከሥር የሚሠራው ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ እጠቡ፣ የተሰበረውን ፈልጉ

ጭቃውን በድጅኖና በውኃ አውጡ። በተለይ በአይድለሩ ኋላና በስፕሮኬቱ ዙሪያ የተጠቀጠቀውን። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። አይድለሩ ወደ ኋላ ካልገባ ሰንሰለቱ አይገጥምም፤ አይድለሩን ወደ ኋላ እንዳይገባ የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ የደረቀ ጭቃ ነው።

ከዚያ የተሰበረውን ብረት አንሱና ስብራቱን ተመልከቱ። ገጹ ሙሉ በሙሉ አዲስና የሚያበራ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከባድ ጫና ተሰብሯል ማለት ነው፤ ለምሳሌ ድንጋይ በስፕሮኬቱ ገብቶ። ከፊሉ ጠቁሮ ወይም ዝጎ ከሆነ ግን ስንጥቁ ቆይቷል። ያኔ ሌሎቹም ሊንኮች ላይ ተመሳሳይ ስንጥቅ እየፈለጋችሁ አንድ በአንድ ማየት አለባችሁ። የፒን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ እዩ።

አሁን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ላይ ወደ ማሽኑ ፊት የሚያመለክት ቀስት ሳሉ። ሊንክ ፊትና ኋላ አለው፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ቡሹና ጥርሱ ቶሎ ይበላላሉ። ምልክት ማድረግ ከረሳችሁ ጤነኛውን ጎን አይታችሁ አመሳስሉ።

ደረጃ 4፦ ግራሶውን አስለቅቁ

ሰንሰለቱ ከተበጠሰ በኋላም አይድለሩ ወደ ፊት ተገፍቶ እንደወጣ ይቀራል። መልሶ ካልገባ አዲሱ ፒን ቀዳዳው ላይ አይደርስም።

በጎኑ ፍሬም ላይ ያለውን ክዳን ክፈቱ። በውስጡ ቫልቩና የግራሶ ማስገቢያው ኒፕል አለ። ከቫልቩ ጎን ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቱ፤ ከአንድ ዙር አትለፉ። ከዚያ በላይ ከተፈታ ቫልቩ ራሱ እንደ ጥይት ሊወጣ ይችላል። ኒፕሉን ግን በጭራሽ አትፍቱ። ግራሶው በላስቲክና በባልዲ ይጠራቀም፤ በተለይ ጣና ሐይቅ ዳር ስትሠሩ። እዚያ ውኃ ላይ የሚያጠምድ ሰው አለ፣ ከብት የሚያጠጣም አለ።

ግራሶው መውጣት ሲያቆም አይድለሩን ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል። በአይድለሩና በሌላ ማሽን ባኬት መካከል ግንድ አስገብታችሁ በዝግታ ግፉ። ብረት ለብረት አይነካካ፤ አይድለሩ ይሰነጠቃል። ግራሶ ጭራሽ ካልወጣ ቫልቩን ጨምራችሁ አትፍቱ። ውስጡ ያለው ፒስተን ተጣብቋል ወይም ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው፣ ግፊቱም አሁንም ውስጥ አለ። እዚህ ላይ ቆማችሁ የሚያውቀው ባለሙያ እስኪመጣ ጠብቁ።

ደረጃ 5፦ ማሽኑን አንሱና ደግፉ

ለዚህ ደረጃ ቁልፉ ለጊዜው ለኦፕሬተሩ ይሰጥ። ላይኛውን ክፍል ሰንሰለቱ ወደተበጠሰበት ጎን 90 ዲግሪ አዙሩ። በቡሙ (ከማሽኑ በሚነሳው ትልቅ ክንድ) እና በአርሙ (ባኬቱን በሚይዘው ክንድ) መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ይሁን። የባኬቱን ክብ ጀርባ መሬት አስነክታችሁ ወደ ታች ግፉ፤ በጥርሱ አትግፉ፣ ይሰምጣል። ያ ጎን ሲነሳ ወዲያው በታችኛው ፍሬም ሥር ፊትና ኋላ ግንድ ደርድሩ። ከዚያ ክብደቱ ግንዱ ላይ እስኪያርፍ ትንሽ አውርዱ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን መልሳችሁ ያዙ።

የማንሻው ልክ ሰንሰለቱ ከሥር እስኪጎተት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ማንሳት ማሽኑን ከማወዛወዝ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ደረጃ 6፦ የተበላሸውን ክፍል አውጡ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አንድ ሰንሰለት ላይ ሁለት ዓይነት ፒን አለ።

ማስተር ፒን ሰንሰለቱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ነው። ጥብቀቱ ከሌሎቹ ላላ ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ወይም ማቆሚያ ቀለበት ይኖረዋል። ቀለበቱን አውጥታችሁ፣ መግፊያውን መሐሉ ላይ አድርጋችሁ በከባድ መዶሻ መምታት ይቻላል።

ተራ ፒን ግን ፋብሪካ ውስጥ በብዙ አሥር ቶን ኃይል ተገፍቶ የገባ ነው። በመዶሻ ስትደበድቡት ጫፉ እንደ እንጉዳይ ያብጣል፤ ከዚያ ወዲያ በፕሬስም አይወጣም። ስለዚህ ወይ ተንቀሳቃሽ ፕሬስ አምጡ፣ ወይም የሚጣለውን ሊንክ በኦክሲጅን ቁረጡት። መቁረጥ የሚፈቀደው ሊንኩ የሚጣል ሲሆን ብቻ ነው። እሳቱ ወደ ጎረቤት ሊንክ እንዳይሄድ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። የጋለ ሊንክ ጥንካሬውን ያጣል፤ ያንን በዓይን አታዩትም፣ ሲበጠስ ነው የምታውቁት። ግራሶና የደረቀ ሣር አጠገብ እሳት እንዳትለኩሱ፣ ባልዲ ውኃም በእጃችሁ ይሁን።

ደረጃ 7፦ የቀረውን ለኩ

ሰንሰለቱ ክፍት እያለ የምታገኙት ዕድል ነው፤ ተጠቀሙበት። ሰንሰለቱን ወጥራችሁ በአራት ሊንክ ርዝመት ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል ለኩና ለአራት አካፍሉ። እንደ ኮማትሱ ፒሲ 200 ያሉ ማሽኖች አዲስ ሲሆኑ የሊንካቸው ርዝመት 190 ሚሊ ሜትር ነው። ያገኛችሁት ከዚህ በጣም የበለጠ ከሆነ ፒንና ቡሹ ተበልቷል።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል? በጣም በተዘረጋ ሰንሰለት መሐል አዲስ ሊንክ ብታስገቡ አዲሱ አጭር ነው፣ አሮጌዎቹ ረጅም ናቸው። ስፕሮኬቱ በዞረ ቁጥር ያ ቦታ ላይ ጥርሱ ይዘላል ወይም ይመታል። እንዲህ ሲሆን አዲስ ከመግዛት ተመሳሳይ መበላት ያለው ያገለገለ ሊንክ መፈለግ ይሻላል። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ሮለሮቹንም በእጅ አዙሩ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ወይም አልዞርም የሚል ካለ አሁን ይለወጥ።

ደረጃ 8፦ ሰንሰለቱን አንጥፉና ጠቅልሉ

45 ሊንክ ያለው ሰንሰለት ሲዘረጋ ወደ 8 ሜትር ተኩል ይሆናል። ቀጥ አድርጋችሁ ከማሽኑ ሥር አንጥፉት። የፊቱ ጫፍ ከአይድለሩ ትንሽ አልፎ ይቁም፣ የቀረው ወደ ኋላ ይዘርጋ። የሳላችሁትን ቀስት አመሳክሩ።

የሽቦ ገመድ በኋላው ጫፍ እሰሩ። ገመዱ በስፕሮኬቱና በላይኛው ሮለር ላይ አልፎ ወደ ፊት ይምጣ። አሁን ቁልፉ እንደገና ለኦፕሬተሩ ይሰጣል። ኦፕሬተሩ የዚያን ጎን ብቻ በጣም በዝግታ ወደ ፊት ያዙር፤ ስፕሮኬቱ ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ላይ ያወጣዋል። ፊት ያለው ሰው ገመዱን በቼይን ብሎክ እየሳበ ይቀበላል።

ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሦስት ሰው "ና፣ ቁም፣ ተመለስ" እያለ ሲጮህ ነው ጣት የሚሄደው። ጥርሱ ቡሹን እንዲይዝ ማስተካከል ካስፈለገ ማሽኑ ይቁም፣ ከዚያ በድጅኖ ይስተካከል።

ደረጃ 9፦ አገናኙ

ሁለቱ ጫፎች በአይድለሩ ፊት መገናኘት አለባቸው። አይድለሩ ክብ ስለሆነ ጫፎቹን ደግፎ ያቀርባቸዋል። የታችኛው ጫፍ እንዳይወርድ ሥሩ ግንድ አድርጉ። ከላይና ከታች በቼይን ብሎክ ሳቡ።

ቀዳዳዎቹን እስኪያበሩ ድረስ አጽዱ። ትንሽ አሸዋ እንኳ ፒኑን ገና ሲገባ ይቧጭረዋል። የአቧራ ማኅተሙ አዲስ ይሁን። ፒኑን ዘይት ቀቡት።

ቀዳዳ ከቀዳዳ መግጠሙን በጣት አትዳስሱ። ሰንሰለቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ጣቱን ይቆርጠዋል። የመግፊያውን ብረት አስገብታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ፒኑን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፤ አጋድሎ ከጀመረ አውጡና እንደገና ጀምሩ። በሁለቱም በኩል እኩል ሲሆን ማቆሚያ ቀለበቱን ግጠሙ። ቀለበት የሚያስፈልገው ፒን ያለ ቀለበት ከተተወ ማሽኑ በዞረ ቁጥር ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይወጣል፤ እናንተም ወደ ደረጃ 1 ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 10፦ ጫማውን እሰሩ

የጫማ ቡሎን አንድ ጊዜ ከተወጠረ በኋላ ተስቧል። ስለዚህ አዲስ ተጠቀሙ። ሊንኩና ጫማው የሚገናኙበት ገጽ ቀለምና ዝገት ሊኖረው አይገባም፤ ሥር የቀረው ዝገት ሥራ ላይ ይረግፍና ቡሎኑ ይላላል።

አራቱን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቃችሁ የማሽኑ መጽሐፍ በሚለው ቶርክ እሰሩ። ብዙ ማሽኖች ላይ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ 120 ዲግሪ፣ ማለትም ሲሶ ዙር፣ ይጠየቃል። በጠመኔ ዳዶው ላይ መስመር ሳሉና እስከዚያ አዙሩ። ይህን ተጨማሪ ዙር መተው የጫማ ቡሎን ከሚበጠስባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

ደረጃ 11፦ ውጥረቱን አስተካክሉ

ቫልቩን ዝጉና በኒፕሉ ግራሶ አስገቡ። ሰንሰለቱ ሲወጠር ማሽኑ ድጋፉ ላይ እንዳለ በዝግታ አሽከርክሩት፣ የቀረው ጭቃ ይራገፍ። ከዚያ ለኩ።

አለካኩ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ኮማትሱ ፒሲ 200 ላይ ማሽኑ መሬት ላይ እንደቆመ፣ ከላይ በአይድለሩና በላይኛው ሮለር መካከል ቀጥ ያለ ብረት ይጋደማል፤ በብረቱና በሰንሰለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሂታቺ ዜድኤክስ 200 ላይ ግን ጎኑ ተነስቶ የሚለካው ከታች ነው፤ ከፍሬሙ ሥር እስከ ጫማው ጀርባ ከ300 እስከ 335 ሚሊ ሜትር። የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማሽን የወሰደ ሰው ወይ በጣም አጥብቆ ወይ በጣም አላልቶ ይሄዳል። ለማሽናችሁ መጽሐፉን ተከተሉ።

ዋልካ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከተፈቀደው ውስጥ ወደ ላላው በኩል አድርጉት። ጭቃ በስፕሮኬቱና በሰንሰለቱ መካከል ሲጠቀጠቅ ሰንሰለቱን በራሱ ይወጥረዋል። ጠዋት በጣም አጥብቃችሁ የላካችሁት እኩለ ቀን ላይ ጭቃው ሲጨመርበት ፒኑና ቡሹ ያለ እረፍት ይፋጫሉ። ድንጋያማ መሬት ላይ ግን መላላቱ ሰንሰለቱን ከሮለር ላይ ያስወጣል፣ ስለዚህ ወደ መሐል አድርጉት።

ደረጃ 12፦ ሞክሩ

ማሽኑ ለመለካት ካልወረደ አሁን ግንዱን አውጥታችሁ አውርዱት። ጥቂት ሜትር ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ ከዚያ በዝግታ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። አንድ ሰው ከጎን፣ ራቅ ብሎ፣ የተጠገነው ቦታ በስፕሮኬቱ ላይ ሲያልፍ ያዳምጥ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ "ጓ" የሚል ካለ አዲሱ ሊንክ ከጥርሱ ጋር አልተስማማም። ከሙከራው በኋላ ውጥረቱን እንደገና ለኩ፤ ግራሶው ቦታ ሲይዝ ትንሽ ሊላላ ይችላል። የሥራው ቀን ሲያልቅ የጫማ ቡሎኖቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ፈትሹ።

ዶዘር ከሆነ

ብዙ ዶዘሮች ላይ በማስተር ፒን ፋንታ ለሁለት የተከፈለ ማስተር ሊንክ አለ። ሁለቱ ግማሾች ጥርስ ባለው ገጽ ይነካከሳሉ፣ በቡሎን ይታሰራሉ። እዚህ መዶሻ አያስፈልግም፤ ቡሎኑን ፈቶ መክፈት ነው። ጥንቃቄው መልሶ ሲገጠም ነው። ጥርስ ያለው ገጽ ፍጹም ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ የቡሎኑ ጥርስ ግን ዘይት ይቀባ። አጠባበቁ መጽሐፉ በሚለው ቶርክና ተጨማሪ ዙር ብቻ ነው። የዶዘር ሰንሰለት ከኤክስካቫተር ይከብዳል፣ የሚሄድበት ርቀትም ይበልጣል። ስለዚህ ማሰሪያው ላይ የተሠራች ትንሽ ስህተት ቶሎ ትጋለጣለች።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ፌሮ ቆርጦ ፒን ማድረግ።* የግንባታ ፌሮ ለስላሳ ብረት ነው። ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥም የሊንኩን ቀዳዳ እንቁላል ቅርጽ ያስይዘዋል። በአንድ ፒን ዋጋ ሊንክ ታጣላችሁ። ቶርኖ ቤት ያስቀረጻችሁትም ቢሆን ተጠናክሮ ካልተሠራ ያው ነው።

*የተሰነጠቀ ሊንክ መበየድ።* ሊንክ በሙቀት የተጠናከረ ብረት ነው። ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ ከጎኑ ያለው ይሰባበራል። ሌላው ጉዳት ደግሞ ዘመናዊ ማሽን ላይ ባትሪው ሳይነቀል ሲበየድ ኮምፒውተሩ ሊቃጠል መቻሉ ነው።

*አንድ ሊንክ ቀንሶ መግጠም።* ሰንሰለቱ ረዝሞ አይድለሩ መጨረሻው ሲደርስ ብዙዎች ይህን ያደርጋሉ። ውጥረቱ ይስተካከላል፣ መበላቱ ግን እንዳለ ነው። በረዘመ ሊንክ የሚሠራ ስፕሮኬት ጥርሱ ቶሎ ይሾላል፤ ከዚያ ሰንሰለትም ስፕሮኬትም አንድ ላይ ትገዛላችሁ።

*ጭቃውን ሳያወጡ ማደር።* ማታ እርጥብ የነበረው ዋልካ ጠዋት ደርቆ ሮለሩን ቆልፎ ይይዛል። የማይዞር ሮለር ላይ ሰንሰለቱ እየተንሸራተተ ይበላል። ኦፕሬተሩ ከመውረዱ በፊት ሩብ ሰዓት ለዚህ ይስጥ።

ዕቃ በስልክ ስታዝዙ

ብዙ ዕቃ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ እስከ ባሕር ዳር ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የተሳሳተ ፒን ከመጣ ቀናት ይባክናሉ። ከመደወላችሁ በፊት እነዚህን ጻፉ፦

- የማሽኑ ስም፣ ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር። ሴሪያሉን ከፍሬሙ ላይ ካለው ሳህን ቅዱ፤ አንድ ሞዴል በተለያየ ዘመን የተለያየ ሰንሰለት ሊኖረው ይችላል።
- የሊንኩ ርዝመት ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል፣ እና የሊንኮቹ ብዛት በአንድ በኩል
- የአሮጌው ፒን ርዝመትና ውፍረት፣ ካልተበላው ቦታ የተለካ
- ማስተር ፒን ነው ወይስ ተራ
- የጫማው ስፋት፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት ከመሐል እስከ መሐል

ፒኑን፣ የተሰበረውን ገጽና ሳህኑን ሜትር አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ላኩ። ዕቃው ሲደርስ ሾፌሩ ከመሄዱ በፊት አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ።